አንድ ዓመት ያልተለበሰ

ልጄ ሠርክአዲስ ከባሕር ዳር ስትመጣ እኔን ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር። ለካ የመጣችው ለቁም ሳጥኔ ኖሯል።

ኅዳር ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወርዳ በባጃጅ ቤት ደረሰች። ሳመችኝ፣ ያቆየሁላትን ምሳ በላች፣ ከዚያ ሹራብ ፍለጋ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የአባቷ ካፖርት ከነመስቀያው ራሷ ላይ ወረደባት። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ካፖርት ነው።

"እማ፣ ይሄ ቁም ሳጥን አይደለም፤ ጎተራ ነው" አለችኝ።

"ጎተራ የሚያስፈራው ባዶ ሲሆን ነው" አልኋት።

ስልኳን አወጣችና አንዲት ሴት ልብስ ስታጣጥፍ አሳየችኝ። ሴትዮዋ ቤት ሰው የሚኖር አይመስልም፤ ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ነጭ፣ ራሷም ነጭ ለብሳለች። ሸሚዙን አጥፋ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቆመችው። ሠርክአዲስ እንደምትለው የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ አንድ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተለበሰ ልብስ ከቤት ይወጣል።

"ይሄን ሕግ ያወጣው ማነው?"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው እኮ።"

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርሁት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስትነት ነው። ብዙ ሕግና መመሪያ በእነዚህ ጣቶች አልፏል። ከግርጌው ፊርማና ማኅተም የሌለው ሕግ ግን አላውቅም። ይህንኑ ብነግራት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ገነነ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ሰው ሰው ላይ ሲስቅ ከተሰማ ቆይቷል። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እሷም ባንክ ቤት ስለምትሠራ የምትመጣው ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ነው። ለቁም ሳጥንም ቢሆን መምጣቷ መልካም ነው ብዬ እሺ አልኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ መሆኑን አላወቅሁም።

ቁም ሳጥኑ የትዳራችን እቃ ነው። ገነነ ከቡሬ ገዝቶ በእህል መኪና አናት ላይ ጭኖ ሲያመጣው ማንኩሳ ላይ መኪናው ጉድጓድ ገባና መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። "እቀይረዋለሁ" እንዳለ ዕድሜው አለቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ፊቴን የማየው ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ዓርብ ጧት ያለውን ሁሉ አውጥተን አልጋው ላይ ቆለልነው። ሠርክአዲስ ሦስት ክምር ሠራች፤ አንዱ የሚቆይ፣ አንዱ የሚወጣ፣ አንዱ ገና ያልተወሰነ። ጧት ሙሉ ሠርተን ያልተወሰነው ክምር ከሁለቱም በለጠ።

ሰማያዊው ሽንሽን ቀሚስ ወጣ። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልሁ ጊዜ ያሰፋሁት ነው። እሱን ለብሼ ከቢሮ ስወጣ ነው ገነነ ያየኝ። እሱ የከብት ሐኪም ነበር፤ ሐኪም ሲባል ከተማ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም፣ የክትባት ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ ገጠር ለገጠር የሚዞር ነው። መጀመሪያ ያለኝን አልረሳውም። "ይቅርታ፣ ለደብዳቤ ነው የመጣሁት" አለኝ። ደብዳቤው የት አለ ስለው አልነበረውም። ቀሚሱን ወገቤ ላይ ብለካው ግማሼን እንኳ አልዞረም።

"ይወጣል" አለች ሠርክአዲስ።

"ይቆያል" አልሁ።

"መቼ ትለብሽዋለሽ?"

"ልለብሰው አይደለም። እሱ ነው እኔን የሚያስታውሰኝ።"

ቀሚሱን ካልተወሰነው ላይ ጣለችው። ቀጥሎ የእሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መጣ፤ ክርኑ ላይ የጣፍሁት ጨርቅ እንዳለ ነው። እሱን ስታይ ሕጓን ረሳች። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችውና ከሚቆየው ክምር ሥር ደበቀችው። አየሁ፤ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ከዚያ የገነነ ካኪ ጃኬትና ቁምጣ። ስንት ጊዜ ታጥቦ የከብት መድኃኒት ሽታው አለቀቀም። ገጠር ከርሞ ሲመለስ ይህን ልብስ በር ላይ ነበር የማስወልቀው፤ በልብሱ የመጣ ቁንጫ ሌሊቱን አያስተኛንም ነበርና። ቁምጣውን ሰጥቼ ጃኬቱን ላስቀር፣ ጃኬቱን ሰጥቼ ቁምጣውን ላስቀር እያልሁ ሳመነታ ሰዓቱ ሄደ። የጽዋ ማኅበር ነበረብኝ።

"የታችኛውን መሳቢያ ነገ እኔው አየዋለሁ" ብያት ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። አትንኪው አላልኋትም። ካልኋትማ ለምን እንደማትነካው መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን ደግሞ ለልጅ መንገር እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም።

የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው መገነዣዬ ነው። ስሞት የምጠቀለልበት ሸማ።

በእኛ አገር ዕድሜው የገፋ ሰው መገነዣውን አሰናድቶ ያስቀምጣል፤ የትም ያለ ነገር ነው። የእኔ ግን ታሪክ አለው። የገነነ ታላቅ እህት ደምበጫ ባረፈች ጊዜ ቤት ውስጥ የተሰናዳ ነገር አልነበረምና ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲሯሯጥ፣ የተገኘው ጨርቅም ሲያጥር ገነነ ቆሞ አየ። ቤት ሲመለስ ተናዶ ነበር። "ሰው ለሠርጉ ዓመት ይሰናዳል፤ ለዚህ መንገድ ግን ጨርቅ ይለምናል" አለ። በዚያው ክረምት ጥጥ ገዝቶ መጣ። እኔ ፈተልሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ፍሬውን ይፈለቅቃል። የከብት ሐኪም ከሴት ጋር ጥጥ ሲፈለቅቅ እንዳይታይ በሩን ይዘጋል፤ ሰው ካንኳኳ ጥጡን እግሩ ሥር ይከታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እሱ የበሬና የላም ገድል ሲያወራልኝ፣ እንዝርቱ ሲሾር፣ ያን ክረምት እኔ እንደ ሞት ዝግጅት አድርጌ አላስታውሰውም። ከትዳራችን ሁሉ የተሻለው ክረምት እሱ ነበር።

ክሩን ማንኩሳ ወስደን ክንዱ ለሚባል ሸማኔ ሰጠነው። ጥለት የሌለው፣ አንድ ወጥ ሆኖ ተሠራ። ገነነ ራሱ ለሁለት ቆረጠው፤ እጁ ከመቀስ ይልቅ መርፌ ስለለመደ አንደኛው ጫፍ ዘመመ። ቀድሞኝ ሄደ፤ በግማሹ ተገነዘ። የቀረው ግማሽ የእኔ ነው። ከአንድ ድር በተቆረጠ ሸማ ከጎኑ መተኛት እፈልጋለሁ። የነፍስ አባቴን ጠይቄያቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም ብለውኛል። ሥርዓት ባይሆንም ምኞቴ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ጎረቤቴ ያምሮት ብቻ ናት፤ ስሞት የምታጥበኝም እሷ ስለሆነች ነግሬያታለሁ።

ከማኅበር ስመለስ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ልብሱ ሁሉ እንደ መጽሐፍ ቆሟል። ከላይ ክዳን ያላቸው ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሠርክአዲስ በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ፈገግ ትላለች፤ ልጅ ሳለች ፈተና አልፋ ስትመጣ እንደምትቆመው።

"ሣጥኖቹን ከየት አመጣሻቸው?"

"ልዋጭ አለፈ።"

ልዋጭ ማለት አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በለውጡ የፕላስቲክ እቃ እየሰጠ በየሰፈሩ የሚዞር ነጋዴ ነው። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን መሳቢያ ሳብሁት። ባዶ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሳይቀር ተወልውሏል።

"እዚህ የነበረውስ?"

"ነጩ ሸማ? እማ፣ እጥፋቱ እንኳ አልተነካም እኮ። ስንት ዓመት ሳትለብሽው! ሰውየው እሱን ሲያይ ነው ትልቁን ሣጥን የጨመረልኝ።"

"መገነዣዬ ነው" አልኋት።

መጀመሪያ ፈገግታዋ እንዳለ ቆየ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ታመሻል?" አለችኝ።

"አልታመምሁም።"

"ምን ብለውሽ ነው? ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልታመምሁም አልሁሽ እኮ። መገነዣ የሚያስቀምጥ የታመመ ሰው አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ሰው ነው።"

ከዚያ ተቆጣሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አልሁ፤ ሕግሽንም ስልክሽንም ያን ነጭ ሴትዮሽንም ብዬ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርሁ። የገነነን ነገር፣ የክረምቱን ነገር፣ ሸማው ከየት እንደተቆረጠ የሰማችው በቁጣዬ መካከል ነው። እንዲህ አልነበረም ልነግራት የምፈልገው። የእሷ እንባ ይወርዳል።

ያምሮትን ጠራናት። ልዋጩን ታውቀዋለች፤ ይርሳው ይባላል፣ ቡሬ ነው ቤቱ፣ የሰበሰበውን ልብስ የሚሸጠውም እዚያው ነው። ስልኩ አይሠራም። "ነገ ማልዳችሁ ሂዱ" አለችን። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ መልቀም ካለ ደግሞ ቶሎ ነው።"

ቅዳሜ ጧት ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ግራና ቀኙ የበርበሬ አገር ነው፤ በየደጁ ተሰጥቶ ቀይ በቀይ ሆኗል። ማንኩሳ ስንደርስ የክንዱን ቤት በጣቴ አሳየኋት። ሸማኔው ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል። ሠርክአዲስ ቤቱ እስኪያልፍ ድረስ አንገቷን አዙራ አየችው።

"አባዬ ሲያርፍ ያ ሸማ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም" አለችኝ። "ሱቅ የሚገዛ ነበር የመሰለኝ። አላየሁትምም።"

"አልቅሰሽ ነበር፤ በምን ታይዋለሽ።"

"አንቺ ስታስቀምጪው አትፈሪም?"

"ክረምት ሲገባ አወጣዋለሁ፣ አያለሁ፣ ብል እንዳይበላው እመልሰዋለሁ። አባትሽን የማገኘው ያን ጊዜ ነው። ምን ያስፈራል?"

መስኮቱን ማየት ጀመረች። እጇን ግን ከእጄ ላይ አላነሳችም።

ይርሳውን ያገኘነው ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ሸራ አንጥፎ ልብሱን ቆልሎበታል። ገና ሳልደርስ የገነነን ካኪ ጃኬት አየሁት፤ አንድ ጎረምሳ ለብሶ ይለካል። ትከሻው ላይ ልክ ሆነለት። ክንዱን ዘርግቶ ጓደኛውን "እንዴት ነኝ?" ይላል። ሠርክአዲስ ወደ እሱ ልትሄድ ስትል ያዝኋት። እንዲህ ያለ ትከሻ ላይ ነበር እኔም ያየሁት፤ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ከሚቀመጥ ሰው ይልበሰው።

"ነጩ ሸማ?" አለ ይርሳው። "እሱማ ዛሬ ጧት ተሸጠ እናቴ። አንዲት ሴት፣ ሰው ሞቶባት ኖሮ እየተጣደፈች መጥታ ወሰደችው። ገና ልብሱን ሳልዘረጋ ነው።"

"ለመገነዣ?"

"ለእሱ ነው መሰል። እኔ ምን አውቄ። የእርስዎ ነበር እንዴ?"

ቤቱን ነገረን፤ በነቀምት መውጫ በኩል፣ ከአባይ ማዶ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ከተከራዩባቸው ቤቶች አንዱ ነው፣ ሸራ የተወጠረበት ነው አለን። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ መሆኑንም ነገረን።

ሠርክአዲስ መንገድ ዳር ቆመች። "በቃ እማ፣ ተይው" አለችኝ። እኔ ግን ዘዴ መጥቶልኝ ነበር። ጨርቅ መሸጫ ገብቼ ከአዲስ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ አስቆረጥሁ፤ ጥሩውን፣ ወፍራሙን። ከልዋጭ በተገዛ ሸማ ከሚገንዙ አዲስ ጨርቅ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ሸማዬን ይዤ እመለሳለሁ። ማንንም አልጎዳ። አቡጀዲውን በነጠላዬ ሥር ይዤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ልቤ ቀለል አለኝ።

ለቅሶው ትንሽ ነው። ሸራው ሥር ጥቂት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ቄሱ አልደረሱም። እኛ እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ገባን። ሟቿ አሮጊት ናቸው። ታጥበው በጓዳ በነጠላ ተሸፍነው ተኝተዋል። ሸማዬ መደቡ ላይ አለ። አልተዘረጋም፤ እኔ እንዳጠፍሁት ነው። ከበላዩ ላይ ግን ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ይከራከራሉ።

"የልዋጭ ልብስ እንዴት ይሆናል? ማን ለብሶት እንደወለቀ ይታወቃል?" ትላለች በዕድሜ የገፋችው። "የሰው ላብ የነካው ይዛ ፈጣሪዋ ፊት ትቁም? ኸዚህ አቡጀዲ ይሻል ነበር።"

"አቡጀዲማ አልፈልግም ብላኛለች" አለች ሌላዋ። ፍሬሕይወት ትባላለች፤ የሟቿ ልጅ ናት። ፊቷ ከማልቀስ አብጧል፤ ዕድሜዋ ከሠርክአዲስ አይበልጥም። "ዕድሜ ልኳን ስትፈትል የኖረች ናት። ስንቱን ሰው አልብሳለች። የራሷንም መገነዣ ፈትላ አሠርታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ስንወጣ ሣጥኑ እዚያው ቀረ፤ ነፍሳችንን ብቻ ይዘን ነው የመጣን። ስትታመም 'በፋብሪካ ጨርቅ እንዳትሰጅኝ፣ እጅ የፈተለው ይሁን' አለችኝ። ስፈልግ ይሄን አገኘሁ። ሰው የጣለው ነው ካላችሁኝ ምን ላድርግ? የት ልሂድ?"

አቡጀዲው በነጠላዬ ሥር ከበደኝ።

አሁን ሁሉም ሰው ደግ ሆኖ እንደሚያወራው ላውራ ብል እችል ነበር። አላደርገውም። ሸማውን ልወስድ ነበር የፈለግሁት። አንድ ቃል ብናገር ይሰጡኛል፤ "የእኔ መገነዣ ነው" ካልሁ የሰው መገነዣ የሚነካ ክርስቲያን የለም። ሴትዮዋ በአቡጀዲ ትቀበራለች፣ እኔ በሸማዬ ከገነነ ጎን እተኛለሁ። ዓይኔን ከሸማው አላነሳሁም። የዘመመውን ጫፍ አየሁት፤ የገነነ መቀስ የሳተበትን። እንደገና የማላየው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"አልተለበሰም" አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማንም የማያውቀኝ እንግዳ ነኝ።

"እንዴት ያውቃሉ?" አሉኝ።

"የፈተልሁት እኔ ነኝ። ድሩም ማጉም የእጄ ነው። የሰው ገላ አልነካውም። ከሸማኔ እጅ ከወጣ ጀምሮ ታጥፎ የኖረ ነው።"

በዕድሜ የገፋችው ሴት ወደ ሸማው ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳበሰችው። እጥፋቱን ገለጥ አድርጋ የውስጡን አየች። "እውነት ነው፣ ወዙ አልለቀቀውም" አለች። ቀጥላ ግን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። "ካልተለበሰ ልዋጭ ጋ ምን አደረሰው?"

ሠርክአዲስ ከኋላዬ ወጣች። "እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች። "ያልተለበሰ ስለሆነ።"

"አበስኩ ገበርኩ" አለች በዕድሜ የገፋችው ቀስ ብላ።

ፍሬሕይወት ገባት። ሸማውን ከመደቡ ላይ አነሳችና በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። "የእርስዎ ነበር? የራስዎ? እንግዲያው ይውሰዱት እናቴ፤ የሰው ስንቅ አልቀማም።" ክንዴን ብዘረጋ ክንዴ ላይ ነበር።

"የእናትሽ የክርስትና ስም ማነው?" አልኋት።

"ወለተ ሥላሴ።"

"እኔ የፈተልሁት ለወለተ ሥላሴ ነው። ለእኔ አይደለም።"

ዋሸሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሬሳ ፊት ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይለኛል፤ ገነነ ይቅር ማለቱን ግን እዚያ ቆሜ እርግጠኛ አልነበርሁም። ፍሬሕይወት ጉልበቴን ልትስም ስትል አቅፌ አነሳኋት። አቡጀዲውን ለልጆችሽ ልብስ ይሁን ብዬ ሰጠኋት። ሸማው ሲዘረጋ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁ፣ ሌላውን ሠርክአዲስ። እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ቄሱ ደርሰው ግንዘት ሲያነቡ ወደ ውጭ ወጣን።

ቀብር ድረስ ሄድን። እዚያ አለቀስሁ፤ እንዲያው ተንሰቅስቄ። ሰዎቹ "ዘመድ ናቸው?" እየተባባሉ ያዩኛል። ያለቀስሁት ለወለተ ሥላሴ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ። በሩን ዘግቶ ጥጥ ለሚፈለቅቀው ሰውዬ ነው።

ስንመለስ ሠርክአዲስ ቤት ገብታ ሳትበላ ተኛች።

እሑድ ወደ ባሕር ዳር መመለስ ነበረባት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ሻንጣዋ እንዳለ ነው፤ እሷ የለችም። ትንሽ ቆይታ ከያምሮት ቤት መጣች፤ በአንድ እጇ እንዝርት፣ በሌላው የተባዘተ ጥጥ ይዛለች።

"አስተምሪኝ" አለችኝ።

"ለምን ብለሽ? ከተማ ማን ይፈትላል?"

"ለዚያ ነገር።"

"ለየቱ ነገር? ስሙን ጥሪው።"

እንዝርቱን አጥብቃ ያዘች። "ለመገነዣሽ" አለች፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አላባበልኋትም፤ ማልቀስ ነበረባት። ሲወጣላት አጠገቤ አስቀመጥኋት።

እጇ አይታዘዝም። ቁልፍ መንካት የለመደ ጣት ነው፤ ጥጡን ወይ ያንቀዋል ወይ ይለቀዋል። አንዱ ይበጠሳል፣ ሌላው ይቋጠራል። "ይሄ ክር አይደለም፣ የጥጃ ማሠሪያ ነው" አልኋት። አባቷ በሩን ዘግቶ ሲፈለቅቅ የነበረውን ነገርኋት፤ ሰው ሲያንኳኳ ጥጡን የት እንደሚከት፣ ምን እያወራኝ እንደሚስቅ። በቁጣ ያበላሸሁትን ታሪክ እንደገና፣ በደንቡ ነገርኋት። ስቃ ስቃ ክሩን በጠሰችው። ሰኞ ስትሄድ እንዝርቱን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች።

አሁን ማታ ማታ ትደውላለች። "ዛሬ ይሄን ያህል ፈተልሁ" ትላለች፤ አንዳንዴም ልቃቂቱን በስልክ ታሳየኛለች። አብረዋት የተከራዩት ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት "የእናቴን ልብስ" ትላለች አሉ። ያምሮት ትስቅብኛለች። "ይህች ልጅ መቼ ልትጨርስ ነው?" ስትለኝ፣ "በዚህ አያያዟማ መቶ ዓመት መኖሬ ነው" እላታለሁ።

ሸማው ከአንድ ድር አይሆንም። የገነነ ግማሽ አጠገቡ ሌላ የለውም፤ ሌላው ግማሽ ቡሬ ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል፤ አይቀርም ደግሞ። ግን በዚህኛው ላይ ያለው እጅ የሁለታችንም ልጅ እጅ ነው፤ እሱም ቢሆን ይህን ቢያይ አይከፋውም።

ትናንት ማታ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

"እማ፣ ገባኝ እኮ! አሁን ክሩ አይበጠስም። በአንድ ማታ ስንት እንደፈተልሁ ብታይ። እንዲህ ከሄድሁ ለፋሲካ እጨርሰዋለሁ።"

ለእሷ ስሙን ያስጠራኋት እኔ ነኝ፤ አያስፈራም ያልሁም እኔ ነኝ። ስልኩን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

"አትቸኩዪ" አልኋት።